መዝገቡ የማያየው አንባቢ፦ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ፋይዳ ሲለካ የኖረበት ታሪክ

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደርና ሀብታም ድኻ፣ ተማሪ ሠራተኛ ሳይለይ ለመጣ ሁሉ በነጻ የሚከፈት የንባብ ቤት ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ተቋም በሕግ ከቆመበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ተለይቶት አያውቅም፤ ይኸውም የወጣበት ገንዘብ ለሕዝቡ ምን አስገኘ የሚለው ነው። ወፍጮ ቤት ስንት ኩንታል እንደፈጨ፣ ሐኪም ቤት ስንት በሽተኛ አክሞ እንደሸኘ ለመናገር መዝገብ ማገላበጥ ይበቃል፤ በአንባቢና በመጽሐፍ መካከል የሚሆነው ግን በዝምታ የሚሆን፣ አንዳንዴም ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገለጥ በመሆኑ፣ ቤተ መጻሕፍትን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ለማወቅ የፈለጉትን ትተው እጃቸው የደረሰበትን ሲቆጥሩ ኖረዋል። እጃቸው የደረሰበት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ውሰት ነበር፤ ማለትም አንባቢው አስመዝግቦ ወደ ቤቱ ይዞት የሄደውና በቀኑ የመለሰው መጽሐፍ ነው። ይህ አንድ ቁጥር ከመቶ ዓመት በላይ የቤተ መጻሕፍት ዋነኛ መለኪያ ሆኖ ሲቆይ የትኛውን አንባቢ እንዳሳየና የትኛውን እንደሸፈነ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ለመከተል አራት ቃላትን አስቀድሞ መለየት ይጠቅማል። ግብዓት የሚባለው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚገባው ነገር፣ ማለትም ገንዘቡ፣ ሕንፃው፣ መጻሕፍቱና ሠራተኛው ነው። ምርት የሚባለው በዚህ ግብዓት የተሰጠው አገልግሎት ሲሆን፣ ስንት መጽሐፍ በውሰት ወጣ፣ ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ጥያቄ ተመለሰ የሚለውን ይይዛል። ውጤት በአንባቢው ላይ የታየው ለውጥ ነው፤ ያልቻለውን መቻሉ፣ ያላወቀውን ማወቁ፣ የፈራውን መድፈሩ ማለት ነው። ፋይዳ ደግሞ እነዚህ ለውጦች ተደማምረው በቤተሰብ፣ በከተማ ወይም በአገር ላይ የሚያመጡት የረጅም ጊዜ ነገር ነው። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ውስጥ ያለው ትልቁ ክፍተት በእነዚህ በአራቱ መካከል ነው፤ ቃል ሲገባ የኖረው ፋይዳ ሲሆን ሪፖርት ሲደረግ የኖረው ግብዓትና ምርት ነውና።

ክፍተቱ የተከፈተው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1849 የእንግሊዝ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት በአባሉ በዊልያም ኢዋርት ሰብሳቢነት ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚያጠና ኮሚቴ ሲያቋቁም፣ ዋናው ምስክር የነበረው በብሪቲሽ ሙዚየም በረዳትነት የሚሠራው ኤድዋርድ ኤድዋርድስ ነበር። በወጣትነቱ በግንበኝነት ሙያ ያለፈውና በራሱ ጥረት የተማረው ይህ ሰው፣ ከአንድ ዓመት በፊት የአውሮፓና የአሜሪካ ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት የያዙትን የመጽሐፍ ብዛት ከየከተማው ነዋሪ ቁጥር ጋር እያነጻጸረ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ በለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት አሳትሞ ነበር። ሠንጠረዡ እንግሊዝ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ መጻሕፍት ከብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች ወደ ኋላ መቅረቷን የሚያሳይ ስለነበር ክርክሩን አቀጣጠለ፤ ቁጥሮቹ ግን ከየአገሩ በተለያየ መንገድ የተሰበሰቡ በመሆናቸው ስሕተት አለባቸው ተብሎ ኤድዋርድስ ክፉኛ ተተቸ። ትችቱ እውነት ነበረው፤ ሆኖም የኤድዋርድስ ሐሳብ ከቁጥሮቹ ይበልጥ ዘላቂ ሆኗል፤ ቤተ መጻሕፍት በሕንፃው ግርማ መመዘኑ ቀርቶ በአካባቢው ካለው ሕዝብ ብዛት አንጻር እንዲታይ ካደረጉት የመጀመሪያ ሙከራዎች አንዱ ነበርና።

ኮሚቴው ያቀረበው ሐሳብ በነሐሴ 1850 ሕግ ሆኖ ወጣ። ሕጉ ከ10,000 በላይ ነዋሪ ያላቸው ከተሞች የግብር ከፋዮቻቸውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካገኙ፣ ንብረት ከሚገመትበት ከእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ ግማሽ ፔኒ እንዲሰበስቡ ፈቀደ፤ በዚያን ጊዜ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ስለነበረ ይህ ከ480 እጅ አንዱ ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ ሕንፃ መሥራትና ሠራተኛ መቅጠር ሲቻል መጽሐፍ መግዛት ግን አይቻልም ነበር፤ መጻሕፍቱ ከበጎ አድራጊዎች ይመጣሉ ተብሎ ታሰበ። በ1855 ግብሩ ወደ አንድ ፔኒ ከፍ ሲል መጽሐፍ መግዛትም ተፈቀደ፤ የአንድ ፔኒው ጣሪያ ደግሞ እስከ 1919 ሳይነሣ ቆየ። በምክር ቤቱ ክርክር ላይ የሕጉ ደጋፊዎች ያቀረቡት መከራከሪያ ሙሉ በሙሉ የፋይዳ መከራከሪያ ነበር፤ ሠራተኛው ከመጠጥ ቤት ይርቃል፣ ወንጀል ይቀንሳል፣ ሥነ ምግባር ይታነጻል አሉ። የሳልፎርዱ ተወካይ ጆሴፍ ብራዘርተን ቤተ መጻሕፍትን ሊቋቋም ከሚችለው ፖሊስ ሁሉ ወጪው ያነሰው አድርጎ አቅርቦታል። ተስፋው ይህን ያህል ትልቅ ከሆነ በኋላ፣ ወንጀል በእርግጥ መቀነሱን ወይም የመጠጥ ቤቱ ደንበኛ መሳሳቱን ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር አያይዞ የሚያጠና መሣሪያ ግን በማንም እጅ አልነበረም።

መስከረም 2 ቀን 1852 የማንችስተር ነጻ ቤተ መጻሕፍት ካምፕፊልድ በሚባለው ሰፈር፣ የማኅበራዊ ለውጥ አራማጁ የሮበርት ኦወን ተከታዮች የሳይንስ አዳራሽ ብለው ባሠሩት ቤት ሲከፈት፣ ደራስያኑ ቻርልስ ዲክንስና ዊልያም ታከሬይ በሥነ ሥርዓቱ ተገኝተዋል፤ የመጀመሪያው ኃላፊም ያው ኤድዋርድስ ሆነ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የየከተማው ቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ በዓመቱ መጨረሻ ለግብር ከፋዩ የሚያቀርበው ዘገባ አንድ ዓይነት መልክ ያዘ፤ በየመደቡ፣ ማለትም ሃይማኖት፣ ታሪክ፣ ሳይንስ፣ ልብ ወለድ እየተባለ፣ ስንት መጽሐፍ እንደወጣ የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ዋናው ገጽ ሆነ። ለምክር ቤቱ የተገባው ቃል የሰው ሕይወት መለወጥ ነበር፤ ለግብር ከፋዩ የቀረበው ደረሰኝ ደግሞ የውሰት ቁጥር ነበር።

ቁጥሩ የሚሰበሰብበት ዕቃ ራሱ መታየት ያለበት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንባቢ ወደ መደርደሪያው አይደርስም ነበር፤ ባንኮኒው ላይ እንደ ግድግዳ የቆመ ትልቅ ሰሌዳ ከሠራተኛው ይለየዋል። ከእነዚህ ሰሌዳዎች ይበልጥ የተስፋፋው አልፍሬድ ኮትግሪቭ በ1870ዎቹ የሠራው ሲሆን፣ በላዩ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ጠባብ ቀዳዳዎች ተደርድረው በእያንዳንዳቸው ውስጥ የመጽሐፉን ቁጥር የያዘች ቀጭን የብረት ማኅደር ትገባ ነበር። ማኅደሯ በአንድ ጫፏ ሰማያዊ፣ በሌላው ቀይ ናት፤ ሰማያዊው ከታየ መጽሐፉ አለ፣ ቀዩ ከታየ ወጥቷል ማለት ነው፤ በሆዷ ደግሞ የተዋሰው ሰው ቁጥርና ቀኑ የሚጻፍባት ትንሽ ደብተር ታቅፋለች። አንባቢው የታተመውን ዝርዝር አገላብጦ ቁጥሩን ካገኘ በኋላ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ቀለሙን ይፈልጋል፤ ሰማያዊ ካገኘ ሠራተኛውን ይጠይቃል፤ ሠራተኛው መጽሐፉን አውጥቶ ከሰጠው በኋላ ማኅደሯን ገልብጦ ቀዩን ወደ ውጭ ያዞራል። በዚህ አሠራር ከሠራተኛው እጅ ሳያልፍ የሚነበብ መጽሐፍ አልነበረምና ውሰትን መቁጠር ማለት በእርግጥም አብዛኛውን አገልግሎት መቁጠር ማለት ነበር። መለኪያው ከአሠራሩ ጋር አብሮ የተወለደ፣ ለአሠራሩም የሚስማማ ነበር።

አሠራሩ ሲለወጥ ግን መለኪያው አብሮት አልተለወጠም። በ1894 በለንደኑ የክላርከንዌል ቤተ መጻሕፍት ኃላፊው ጄምስ ደፍ ብራውን ሰሌዳውን አንሥቶ አንባቢው ራሱ በመደርደሪያዎቹ መካከል እንዲመላለስ ፈቀደ፤ በሙያው ሰዎች መካከልም ለዓመታት የዘለቀ ብርቱ ክርክር አስነሣ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ገብቶ አምስት መጽሐፍ ገልጦ፣ ከአንዱ የፈለገውን አድራሻ ወይም የመድኃኒት ስም ቀድቶ፣ አንዱንም ሳይዋስ ሊወጣ ይችላል፤ ፍላጎቱ ሞልቷል፣ በመዝገቡ ላይ ግን አልመጣም። ቤተ መጻሕፍቱ ለአንባቢው ይበልጥ በተከፈተ መጠን አንባቢው ከቁጥር ይበልጥ እየተሰወረ ሄደ።

ቁጥሩ ከሚያየው ነገር ውስጥ እንኳ ሁሉም ሰውን የሚያስደስት አልነበረም። ከየዓመቱ ውሰት ከግማሽ በእጅጉ የሚበልጠው ልብ ወለድ ሆኖ በመገኘቱ፣ የሕዝብ ገንዘብ ለምን ለመዝናኛ ይውላል የሚል ሙግት በእንግሊዝም በአሜሪካም ለሠላሳ ዓመት ያህል ተካሄደ። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች ለዚህ የሰጡት መልስ ብልሃተኛ ነበር፤ አንባቢው ከመደበኛው የውሰት ካርድ በተጨማሪ ልብ ወለድ ላልሆነ መጽሐፍ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ካርድ እንዲይዝ ፈቀዱለት። በዚህ መንገድ የቁም ነገር መጻሕፍት ውሰት ቁጥር ከፍ ማለት ጀመረ፤ መጻሕፍቱ መነበባቸውን ግን የሚያረጋግጥ አልነበረም። አንድ ቁጥር ለዳኝነት ከቀረበ በኋላ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ቁጥሩን ማስተካከል እንደሚጀምሩ የቤተ መጻሕፍት ታሪክ ከብዙ መሥሪያ ቤቶች ቀድሞ አሳይቷል።

በአሜሪካ ጥያቄው በሌላ በር ገባ። በ1876 የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ፊላደልፊያ ላይ ሲቋቋም፣ የአገሪቱ የትምህርት ቢሮ ደግሞ ከ3,600 በላይ ቤተ መጻሕፍትን የዘረዘረ ግዙፍ ዘገባ በዚያው ዓመት አወጣ፤ የዘገባው ስታቲስቲክስ በዋናነት ጥራዝ የሚቆጥር የግብዓት ቆጠራ ነበር። ከዚያ በኋላ የብረት ከበርቴው አንድሩ ካርኔጊ በመላው ዓለም 2,509 ቤተ መጻሕፍት እንዲሠሩ ገንዘብ ሰጠ፤ ከእነዚህ 1,679 ያህሉ በአሜሪካ ነበሩ። የካርኔጊ ውል አጭር ነው፤ ከተማው መሬቱን ያቀርባል፣ ከስጦታውም ገንዘብ አሥር በመቶውን በየዓመቱ ከራሱ ካዝና ለማስተዳደሪያ ይመድባል፤ ለ10,000 ዶላር ሕንፃ በየዓመቱ 1,000 ዶላር ማለት ነው። ቃሉ ከተገባና ሕንፃው ከቆመ በኋላ በውስጡ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን አልነበረም።

ጠያቂው በ1915 መጣ። የካርኔጊ ኮርፖሬሽን ኢኮኖሚስቱን አልቪን ጆንሰንን ቀጥሮ ስጦታዎቹ ያሉበትን ሁኔታ እንዲያጠና አሰማራው፤ ጆንሰንም በተላከ ቅጽ የሚሞላ መልስ ከመጠበቅ ይልቅ ራሱ በባቡር ተሳፍሮ ወደ መቶ የሚጠጉ ከተሞችን ዞረ። ያየው ነገር ከሠንጠረዥ የማይነበብ ነበር፤ ሕንፃው የሚያምር ሆኖ መደርደሪያው የተራቆተ፣ መጽሐፉ ያለ ሆኖ የትኛውን ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቅ የሠለጠነ ሰው የሌለበት፣ ከተማው የገባውን የአሥር በመቶ ቃል ያጎደለበት ቦታ ብዙ ነበር። ጆንሰን የቤተ መጻሕፍት ጥቅም የሚወሰነው በሕንፃው ሳይሆን በባለሙያው ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሶ ገንዘቡ ወደ ሥልጠና እንዲዞር መከረ። የድርጅቱ ሹማምንት ምክሩን በቅዝቃዜ ቢቀበሉትም የሕንፃ ስጦታው በ1917 ቆመ፤ በ1920ዎቹም የካርኔጊ ገንዘብ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ሙያ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ለማቋቋም ዋለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስንት ነው ብሎ ከመጠየቅ አልፎ ገብቶ ያየ የመጀመሪያው ትልቅ ግምገማ የጆንሰን ጉዞ ነው ማለት ይቻላል፤ ከእርሱም በኋላ እንዲህ በእግር የተሠራ ጥናት ብርቅ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል።

የቺካጎው ትምህርት ቤት ጥያቄውን ወደ አንባቢው ውስጥ ለማስገባት ደፈረ። የትምህርት ቤቱ መምህር ዳግላስ ዌፕልስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1940 ባሳተመው፣ ንባብ በሰዎች ላይ የሚያደርገውን በሚመረምረው መጽሐፍ፣ ንባብ በሰው ላይ የሚያሳድረው ነገር በአምስት ወገን ተከፍሎ ቀረበ፤ አንደኛው ለተግባር የሚረዳ ዕውቀት፣ ሁለተኛው ለራስ የሚሰጥ ግምት ከፍ ማለት፣ ሦስተኛው የነበረ አመለካከት መጠንከር፣ አራተኛው የኪነ ጥበብ ደስታ፣ አምስተኛው ከጭንቀት ዕረፍት ማግኘት ነው። ክፍፍሉ የልብ ወለዱን ሙግት በሌላ ብርሃን ያሳየዋል፤ ከፋብሪካ የደከመ ሰው በልብ ወለድ ያገኘው ዕረፍት ከጥቅም ተራ ገብቶ ተቆጥሯልና። ሆኖም ይህ መንገድ ረጅም ቃለ መጠይቅና ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ በመሆኑ የየከተማው ቤተ መጻሕፍት ሊጠቀምበት አልቻለም።

ከመጽሐፉ ደራሲዎች አንዱ የነበረው በርናርድ ቤሬልሰን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሙያውን ያናወጠ ሌላ ሥራ አቀረበ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች በተካሄደው ሰፊ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጥናት አንዱ ክፍል የሆነው ይህ መጽሐፍ፣ ከአሜሪካ ጎልማሶች መካከል ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀመው አሥር በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን፣ ከተጠቃሚዎቹም መካከል ጥቂቶቹ አብዛኛውን ውሰት እንደሚይዙ አሳየ። የውሰት ሠንጠረዥ ይህን ሊያሳይ አይችልም ነበር፤ መቶ ሺህ ውሰት የመቶ ሺህ ሰው ይሁን የአምስት ሺህ ሰው አይለይምና። ቤሬልሰን ከዚህ ተነሥቶ ቤተ መጻሕፍት ሁሉን ለማስደሰት ከመሮጥ ይልቅ ቁም ነገር ፈላጊውን ጥቂት አንባቢ ያገልግል ወደሚለው ሐሳብ ሲያዘነብል፣ ብዙ ባለሙያዎች ተቃወሙት፤ ተቃውሟቸውም ትክክል ነበር፣ የመጡትን መቁጠር ያልመጡት ለምን እንደቀሩ አይናገርምና።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ቆጠራው ዓለም አቀፍ ሆነ። ዩኔስኮ በ1949 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫውን ካወጣ በኋላ በ1970 የቤተ መጻሕፍት ስታቲስቲክስ በየአገሩ አንድ ዓይነት እንዲሆን ምክረ ሐሳብ አጸደቀ፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በ1974 ስለ ስታቲስቲክስ፣ በ1998 ስለ አፈጻጸም መለኪያዎች፣ በ2014 ደግሞ ስለ ፋይዳ አለካክ ደረጃዎችን አወጣ። በእንግሊዝም በ1979 የወጣ ሕግ መጽሐፋቸው ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለሚወሰድ ደራስያን መንግሥት በውሰቱ መጠን እንዲከፍል ስላደረገ፣ የውሰት ቁጥር የደራሲ እንጀራም ሆነ።

በእነዚህ ዓመታት ከተሠሩት ሁሉ አንዲት ቀላል ዘዴ ልዩ ትኩረት ይገባታል። በ1982 ዳግላስ ዝዋይዚግና ኤሊኖር ጆ ሮጀር ለአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ያዘጋጁት የምርት መለኪያዎች መምሪያ፣ ሳይዋስ እዚያው ተቀምጦ የሚያነበውን ሰው ለመቁጠር አንድ መንገድ አቀረበ። በዓመቱ ውስጥ አንድ የተለመደ ሳምንት ይመረጣል፤ በዚያ ሳምንት አንባቢዎች ያነበቡትን መጽሐፍ ወደ መደርደሪያው እንዳይመልሱ፣ ጠረጴዛው ላይ እንዲተዉት በማስታወቂያ ይለመናሉ፤ ሠራተኛውም እየዞረ የተተወውን ይሰበስባል፣ ይቆጥራል፣ ከዚያ ይመልሳል። የሳምንቱ ድምር በዓመቱ ሳምንታት ሲባዛ የአዳራሹ ንባብ ግምት ይገኛል። ዘዴው ናሙና በሚባለው፣ ማለትም ከብዙው ጥቂቱን አይቶ ስለ ብዙው በመገመት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ከጋሪና ከእርሳስ በቀር የሚፈልገው ዕቃ የለም። ከክላርከንዌል ወዲህ ተሰውሮ የኖረው አንባቢ ቢያንስ የነካው መጽሐፍ ተቆጠረለት።

ወደ ውጤትና ፋይዳ የተደረገው ሽግግር ከ1990ዎቹ ጀምሮ የበጀት ቅነሳ የገፋው ነው። አንዱ መንገድ በገንዘብ መተመን ነበር፤ የብሪቲሽ ላይብረሪ በ2004 ይፋ ባደረገው ጥናት ተጠቃሚውም ያልተጠቀመውም ሕዝብ ተቋሙ እንዳይዘጋ ምን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆነ ተጠይቆ፣ ዓመታዊ ዋጋው 363 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ፤ መንግሥት ይመድብ የነበረው 83 ሚሊዮን ስለሆነ ለአንድ ፓውንድ 4.40 ተመለሰ ተባለ። ይህ ስሌት ለገንዘብ ሚኒስትር የሚገባ ቋንቋ በመሆኑ በብዙ ቦታ ተቀድቷል፤ ነገር ግን እከፍላለሁ ያለ ሰው ቃል ከኪሱ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር አንድ አይደለም፤ ድኻው ሰው ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ለእርሱ ሕይወቱ ቢሆን እንኳ የሚጠራው ቁጥር ትንሽ መሆኑ አይቀርም። ሌላው መንገድ ሰውን ስለራሱ መጠየቅ ነው። በ2010 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ አሜሪካውያን አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት፣ ይኸውም 77 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ በዓመቱ ውስጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ወይም ኢንተርኔት ተጠቅመዋል፤ ሥራ ለመፈለግ፣ ስለ ሕመም ለማወቅ፣ የትምህርት ማመልከቻ ለመሙላት። ይህን ለማድረግ መጽሐፍ መዋስ አያስፈልግም። በሁለቱም መንገድ የሚቀረው ችግር የምክንያትነት ጥያቄ ነው፤ ፈተና ያለፈ ልጅ ያለፈው በመምህሩ ነው፣ በእናቱ ቁጣ ነው፣ ወይስ በአዳራሹ ጸጥታ የሚለውን ለይቶ ድርሻ ማካፈል እስከ ዛሬ የሚቻል አልሆነም።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ታሪክ የምትገባው በራሷ መንገድ ነው። መጽሐፍን መቁጠር ለአገሪቱ አዲስ አይደለም፤ በደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የመጻሕፍት ዝርዝር መኖሩ ይታወቃል፤ በየአድባራቱም በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት ከንዋየ ቅድሳቱ ጋር ተዘርዝረው፣ የሚሰርቃቸውና የሚፍቃቸው በውግዘት ታስሮ ይገኛል። ይህ ግን ንብረትን የመጠበቅ ቆጠራ ነው፤ ማን አነበበው የሚለው የዕቃ ቤቱ ሳይሆን የመምህሩ ጉዳይ ነበር፤ መምህሩም የሚያውቀው ተማሪውን አስቀጽሎ ነው። ለሕዝብ የተከፈተው ዘመናዊው ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር፣ በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከዚያ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩት ሰዎች መልሰው እንዳይረሱ በየገጠሩ የንባብ ቤቶች እንዲከፈቱ አደረገ፤ የዘመቻው ዘገባ ግን በተመዘገቡና የምስክር ወረቀት በተቀበሉ ሰዎች ቁጥር የተሞላ ነበር። በ2005 ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የመሠረቱት ድርጅት በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲጀምር፣ መጽሐፉ አንባቢው ወዳለበት ሄደ። በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ አራት ኪሎ ላይ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ሲዘገብ ጎልቶ የተነገረው ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት የመያዝ አቅሙ ነው፤ ይህም ከኤድዋርድስ ሠንጠረዥ ጋር የሚዛመድ የግብዓት ቋንቋ ነው።

ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የመጣው መለኪያ ኢትዮጵያ ሲደርስ የሚገጥመው አንባቢ ሌላ ነው። በአብዛኞቹ የአገሪቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ወደ ቤት ይዞ መሄድ ያልተለመደ ወይም የተገደበ ሲሆን፣ አንባቢው መታወቂያውን ባንኮኒው ላይ አስይዞ መጽሐፉን ይቀበላል፣ እዚያው አንብቦ መልሶ መታወቂያውን ይወስዳል። ከእንዲህ ያለው አንባቢ የሚበዛው ግን ተማሪው ነው፤ የራሱን ደብተርና የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ በቦርሳ ይዞ ይመጣል፣ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚፈልገው መጽሐፍ አይደለም፤ ወንበር፣ ብርሃንና ጸጥታ ነው። አምስትና ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል ለሚኖሩ ቤተሰቦች ልጅ ይህ ከመጽሐፍ የማያንስ አገልግሎት ነው፤ የብሔራዊ ፈተና ሰሞን በማለዳ በር ላይ የሚሰለፈው ወጣት ለዚህ ምስክር ነው። የውሰት መዝገብ ግን ይህን ልጅ ፈጽሞ አያየውም፤ የጠረጴዛው ቆጠራ እንኳ አያገኘውም፣ ሲወጣ የራሱን መጽሐፍ ይዞ ይወጣልና። በውሰት ብቻ ቢመዘን፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሞላ አዳራሽ እንደ ባዶ ቤት ይቆጠራል።

በ2011 ኢ.አይ.ኤፍ.ኤል የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በኢትዮጵያ፣ በጋና፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ ሕዝቡና ሹማምንቱ ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያላቸውን አመለካከት ሲያስጠና፣ ብዙዎች ቤተ መጻሕፍትን የሚያስቡት ከመጽሐፍና ከጥናት ጋር ብቻ አያይዘው እንደሆነ ታይቷል። ለበጀት ሰጪው ይህ እንደ ጉድለት ሊቀርብ ይችላል፤ ነገሩ በቅርብ ሲታይ ግን ሕዝቡ የተናገረው በእርግጥ የሚጠቀምበትን ነው።

የሚገርመው ወንበርና ጸጥታ ፈልጎ ለሚመጣው አንባቢ የሚሆን መለኪያ በዓለም አቀፉ የአፈጻጸም መለኪያዎች ደረጃ ውስጥ ከ1998 ጀምሮ መኖሩ ነው፤ የመቀመጫ አያያዝ መጠን ይባላል፤ በተወሰነ ሰዓት ከወንበሮቹ ስንቱ ሰው እንዳለባቸው ተቆጥሮ ለጠቅላላው ወንበር ይካፈላል። አሠራሩ ሠራተኛው በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለምሳሌ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ በአዳራሹ ውስጥ በቀስታ አንድ ጊዜ ዞሮ በወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው፤ ሰው ያለበት ወንበርና ባዶ ወንበር። በር ላይ ያለው የመግቢያ ደብተር ቀድሞውኑ ስም፣ ቀንና ፊርማ ይቀበላል፤ ለምን እንደመጡ የሚጻፍበት አንድ አምድ ቢታከልበት፣ ለፈተና፣ ለጋዜጣ፣ ለሥራ ማስታወቂያ፣ ለጸጥታ የሚሉት መልሶች ከፊርማው ቀጥሎ በአንባቢው በራሱ እጅ ይሰፍራሉ።